ከድጡ ወደ ማጡ፦ የላስታ መንገድና የሞተር ጎማ

በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ለአጎቴ ሞተር ጥንድ ጎማ ከአዲስ አበባ ገዛሁ። ጎማው ጎን ላይ፣ በትንሽ ሞላላ ክፈፍ ውስጥ አራት አሃዝ ታትሟል፦ 1215። ትርጉሙን አውቀው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች የተመረተበት ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። 12ኛው ሳምንት፣ 15። "የዘንድሮ ነው፣ ገና ትኩስ!" ብዬ ለሻጩ እኔው አስረዳሁት። ሻጩም አልተቃወመኝም።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። የሀበሻን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጅን ወደ ሀበሻ የሚቀይር ኮድ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ። ግን ያን ቀን ጎማ ላይ የተጻፈው 15 የፈረንጅ 15 መሆኑ ትዝ አላለኝም። የፈረንጅ 2015፣ 12ኛ ሳምንት ማለት መጋቢት 2007 ዓ.ም. ነው። "ትኩስ" ያልኩት ጎማ ስምንት ዓመት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ላሊበላ ሄድኩ። ጎማውን ጎሚስታ ጋ አስገጠምን፣ እኔና አጎቴም ለጉዳይ ጋሸና ደርሰን ስንመለስ ዝናብ ያዘን። አጎቴን "ጋሼ" ነው የምላቸው። እኔ እየነዳሁ፣ እሳቸው ከኋላዬ ናቸው። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ አንድ ኩርባ ስንደርስ የፊት ፍሬን ትንሽ ነካ አደረግሁ። የፊቱ ጎማ ሳሙና እንደረገጠ ሰው ሄደ። እኔ ጉልበቴ ተላጠ። ጋሼ ክንዳቸው ተሰበረ።

በማግስቱ ክንዳቸው ታስሮ ተቀምጠው፣ ተቆጡኝ ስል አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ "አንተ ልጅ፣ ይህን ጎማ ስትገዛ ለየትኛው መሬት ብለህ ነው?"

መልስ አልነበረኝም። ጎማው ያምራል፣ ጥርሱ ጥልቅ ያልሆነ፣ ለፍጥነት የተሠራ ዓይነት ነው። በቃ፣ ለዓይኔ ነው የገዛሁት። ከዚያ ወዲህ ግን የጋሼ ጥያቄ ከላስታ መንገድ ታሪክ ጋር እየተያያዘብኝ መጣ። እዚያ አገር ተሽከርካሪ ይዞ የመጣ ሁሉ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት፦ ወይ መሬቱን ለተሽከርካሪው ማስተካከል፣ ወይ ተሽከርካሪውን ለመሬቱ።

ሰባት ቶን በሠረገላ

መሬቱን ማስተካከል የመረጡት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲነሡ፣ ጋፋት ላይ ያሠሩት ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል አብሯቸው ነበር። ክብደቱ ሰባት ቶን ገደማ ነው። እሱን ለመጎተት በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ተሰለፈ። በጋይንት፣ በዋድላና በደላንታ አልፎ መቅደላ ለመድረስ ወደ ስድስት ወር ፈጀ።

የሄዱበት አገር ከላስታ ደቡባዊ ጫፍ ጋር የሚዋሰን ነው። ዛሬ ከጋሸና ወደ ወገልጤና የሄደ ሰው ሜዳው ድንገት ተቆርጦ ገደል ሲሆን አይቷል። በዋድላና በደላንታ መካከል የጅዳ ሸለቆ አለ፣ በደላንታና በመቅደላ መካከል ደግሞ የበሽሎ። ለእግረኛና ለበቅሎ ጠመዝማዛ መንገድ ይበቃል። ደረቅ ጎማ ላለው ሠረገላ ግን አይበቃም። ደረቅ ጎማ ድንጋይ ሲያገኝ አይውጠውም፣ ሰባት ቶኑን ይዞ በላዩ መውጣት አለበት። ስለዚህ ድንጋዩ መነሣት፣ ገደሉ መቆረጥ ነበረበት። ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ ከሠራዊቱ ጋር መንገድ ሲሠሩ ያዩ አውሮፓውያን ጽፈውታል።

በዚያው ሰሞን ከቀይ ባሕር የተነሣው የጄኔራል ናፒየር ጦር በሌላ አቅጣጫ እየመጣ ነበር። እሱም የላስታን ተራሮች ማለፍ ነበረበት። እንግሊዞቹ የመረጡት ሁለተኛውን መንገድ ነው። ከህንድ 44 ዝሆኖች አምጥተው ነበርና፣ ደጋው ሲጠናባቸው ከባድ መድፎቻቸውን ከጎማ አውርደው ዝሆን ላይ ጫኑ። ጎማን ትተው በእግር ሄዱ ማለት ነው። ጅዳ ሲደርሱ ግን የሚያስገርም ነገር ሆነ፦ ቴዎድሮስ ለሴባስቶፖል በደም በላብ የቆረጡት መንገድ ተዘርግቶ ጠበቃቸው። በእሱ ወረዱ።

መንገድ ጠላትና ወዳጅ አይለይም። የትኛው ምርጫ ትክክል ነበር ቢባል፣ ናፒየር ፈጥኖ የሄደው መሬቱን እንዳለ ተቀብሎ ነው። ሴባስቶፖል ግን እስከ ዛሬ መቅደላ አለ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የምናየው አምሳያው ነው።

አየር የሞላው ሐሳብ

የሚያሳዝነው፣ ሴባስቶፖል ጅዳን ሲሻገር መፍትሔው ከሃያ ዓመት በፊት ተፈልስፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 ቻርልስ ጉድይር ጥሬ ጎማን ከድኝ ጋር በማሞቅ በሙቀት የማይቀልጥ፣ በብርድ የማይሰነጠቅ አደረገው። በ1845 ሮበርት ቶምሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ አየር የተሞላ ጎማ የፈጠራ መብት አወጣ። ነገር ግን ገበያ አላገኘም፣ ተረሳ። በ1888 ቤልፋስት ውስጥ የእንስሳት ሐኪም የነበረው ጆን ዳንሎፕ ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት ሲል እንደገና ፈለሰፈው። በእኛ አቆጣጠር 1880 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ከመቅደላ ሃያ ዓመት በኋላ።

አየር ያለው ጎማ የለወጠው ነገር ቀላል ነው። ድንጋይ ሲያገኝ ጎማው ራሱ ይጎደጉዳል። ሞተሩም ሰውየውም ሳይነሡ ድንጋዩ ይዋጣል። በሌላ አነጋገር፣ ተሽከርካሪውን ለመሬቱ ማስተካከል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቻል ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለው የጎማ ታሪክ በሙሉ "ለየትኛው መሬት?" የሚለው ጥያቄ ነው።

አገራችን የመጀመሪያው መኪና የገባው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ለዳግማዊ ምኒልክ ነው። ለላስታ ግን ይህ ሩቅ ወሬ ነበር። በመጋቢት 1928 ማይጨው ላይ ጦሩ ሲፈታ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሳቸው በፊት ላሊበላ ወጥተው ጸለዩ። የሄዱት መኪና በማይሄድበት መንገድ ነው። ጣሊያን ከዚያ በኋላ የሠራው ትልቁ መንገድ ከአስመራ ተነሥቶ በቆቦ፣ በወልድያና በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ ገባ። ላስታን ከምሥራቅ በኩል ትቶት አለፈ። ላሊበላ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የበቅሎ አገር ሆኖ ቀጠለ።

እግርና በረባሶ

ስለዚህ ላስታ ውስጥ ብዙ ሰው ጎማን መጀመሪያ ያወቀው ነድቶት ሳይሆን ተጫምቶት ነው። ያለቀ የመኪና ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል። ጥርሱ ሶል፣ ቀጭኑ ቁራጭ ማሰሪያ። ጋሼ ልጅ ሆነው ያደጉት በባዶ እግርና በበረባሶ ነው። "በበጋ በረባሶ፣ በክረምት እግሬ" ይላሉ።

ነገሩ ድህነት ብቻ አይደለም። ዋልካ ጭቃ ላይ የጎማ ሶል ጠፍጣፋ ስለሆነ ይንሸራተታል፣ ጭቃውም ተለጥፎበት እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ስለዚህ ገበሬው ጫማውን አውልቆ በእጁ ይይዝና በጣቶቹ መሬት እየቆነጠጠ ይሄዳል። በጣቶቹ መካከል ጭቃው ሾልኮ ይወጣል። አሁን ሳስበው፣ ይህ የጭቃ ጎማ የሚሠራበት መርህ ነው፦ ተራርቀው የቆሙ ረጃጅም ጥርሶች፣ በመካከላቸው ጭቃው የሚወጣበት ባዶ ቦታ። ፋብሪካዎች በሙከራ የደረሱበትን የላስታ እግር አስቀድሞ ያውቀው ነበር።

የመኪና መንገድ ወደ ምዕራብ የዞረው ዘግይቶ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቻይናን ከጎበኙ በኋላ ቻይናዎች ከወልድያ ወረታ የሚደርሰውን መንገድ ለመሥራት ተስማሙ፤ ሥራው የተሠራው በደርግ ዘመን ነው። ከወልድያ በዲልብ ሽቅብ ወጥቶ ጋሸና ይደርሳል። ላሊበላ ከዚያ 64 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ነች። በ1977ቱ ድርቅ መንገድ ያለው ቦታና መንገድ የሌለው ቦታ ልዩነቱ የሕይወትና የሞት ነበር። እህል የጫነ መኪና መንደር መግባት ስላልቻለ ሕዝቡ ነው ወደ መንገዱ የሄደው። ቆረም ላይ የተሰበሰበውን ሰው ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አይቶታል።

ከዚያ ዘመን በኋላ የእርዳታ ድርጅቶችና የግብርና ቢሮዎች ሞተር ሳይክል ማሰማራት ጀመሩ። ጋሼ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበሩና በ1980ዎቹ መጨረሻ የመሥሪያ ቤት ያማሃ ተሰጣቸው። ያ ሞተር ሲመጣ ጎማው ግማሽ ጥርሳም ነበር፦ ለጭቃም ለጠጠርም የሚሆን። ማንም አልመረጠውም፣ አብሮ የመጣ ነው። ግን ያንን የመረጠው መሐንዲስ "ለየትኛው መሬት?" ብሎ ጠይቆ ነበር። እኔ አልጠየቅሁም።

ድጥ እና ማጥ

"ከድጡ ወደ ማጡ" ስንል መከራ መጨመሩን ነው የምናወራው። አባባሉ ከመንገድ የመጣ መሆኑን ግን ረስተነዋል። ድጥና ማጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ የሚፈልጉትም ጎማ የተለያየ ነው።

ድጥ ማለት ከሥሩ መሬቱ ጠንካራ ሆኖ ላዩ በቀጭን እርጥብ አፈር የተቀባ ነው። እዚህ ጎማው ቀጭኗን ንጣፍ ቆርጦ ጠንካራው ላይ መድረስ አለበት። የሚያስፈልገው ብዙ የጥርስ ጠርዝና ለስላሳ፣ ያልደረቀ ጎማ ነው። እኔን የጣለኝ ድጥ ነው። ስምንት ዓመት የቆየ ጎማ ከአየርና ከሙቀት የተነሣ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ መሬት መያዙን ይተዋል። ፎቶ ላይ ግን አዲስ ይመስላል፣ ምክንያቱም ጥርሱ አልተነካም። ለማወቅ በጥፍር መጫንና በጥርሶቹ መካከል ከሥር ያለውን ቦታ ማየት ነው። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካለች፣ አሮጌ ነው።

ማጥ ደግሞ ጥልቅ ነው። ከሥር የሚያዝ ጠንካራ መሬት ቅርብ አይደለም። እዚህ ረጅምና የተራራቀ ጥርስ ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ጭቃው በጥርሶቹ መካከል ሞልቶ ጎማው የተላጨ ያህል ይሆናል። ይሁንና ይህንኑ ጥርሳም ጎማ ይዛችሁ እርጥብ አስፋልት ወይም የላሊበላ ኮብልስቶን ላይ ብትገቡ መሬት የሚነካው የጎማው ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። ጥርሶቹ ይተጣጠፋሉ፣ ፍሬን ስትይዙም ቶሎ አይቆምም።

የላስታ ችግር ይህ ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ መሆኑ ነው። ጋሸና ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፣ የአውሮፕላን ማረፊያው 2,000 ገደማ ነው፣ ከተማው 2,500 ገደማ። በዚያች 64 ኪሎ ሜትር ውስጥ እኛ የሄድን ቀን ጠጠር፣ ዋልካ፣ አስፋልትና ኮብልስቶን አገኘን።

ሱቅ ስትሄዱ "አነዳድህ እንዴት ነው? ፍጥነት ትወዳለህ?" ይሏችኋል። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፣ ግን ለእኛ አገር አራተኛ ነው። መጀመሪያ መሬቱ፣ ቀጥሎ ወሩ፣ ሦስተኛ ጭነቱ። በጥር ጥሩ የሆነ ጎማ በሐምሌ ጠላት ሊሆን ይችላል። ዓመቱን ሙሉ አስፋልት ላይ የምትውሉ ከሆነ ጥርሱ ዝቅ ያለ የመንገድ ጎማ ትክክል ነው። ከመንገዳችሁ ግማሹ ፒስታ ከሆነ ግማሽ ጥርሳሙ። ሙሉ ጥርሳም የሚያስፈልገው አስፋልት ከስንት አንዴ ለሚያይ ሰው ነው።

ጭነቱን ደግሞ እንደምር። 150 ሲሲ ሞተር 115 ኪሎ ቢመዝን፣ ሁለት ሰው 130 ቢሆን፣ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ቢጨመር 295 ኪሎ ነው። ሁለት ሦስተኛው ኋላ ቢያርፍ 197 ኪሎ። አሁን ጎማው ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። 47 ከሆነ አንዱ ጎማ የሚችለው 175 ኪሎ ነው፣ 50 ከሆነ 190። ሁለቱም አልፈናቸዋል። ጎማ ተሰነጠቀ፣ ፈነዳ የምንለው ብዙ ጊዜ ይህ ስሌት ሳይሠራ ቀርቶ ነው።

ስለ ከፍታም ሰው ይጠይቀኛል። ከማረፊያው ሜዳ ጋሸና ስትወጡ የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ የጎማችሁ መለኪያ 1.5 ፒኤስአይ ያህል ጨምሮ ያነባል። ብርዱ ደግሞ ከዚያ ላይ የተወሰነውን መልሶ ይወስደዋል። ስለ ከፍታ አትጨነቁ። ጭቃ ስትገቡ አየር ትንሽ ቀንሱ፣ ጎማው ሰፋ ብሎ ይይዛል። ግን አስፋልት ከመድረሳችሁ በፊት መልሳችሁ ንፉት፣ በተለይ ከኋላችሁ ሰው ካለ፤ ካልሆነ ድንጋይ ሲመታችሁ የውስጥ ጎማው በቸርኬው ተቆንጥጦ ይበሳል። የእጅ መንፊያ ከዕቃችሁ አይጥፋ።

አንድ ነገር ልጨምር። ገንዘብ ሲያጥር ሁሉም ሰው የኋላውን ይለውጣል፣ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ስለሆነ። የኋላ ጎማ ሲንሸራተት ግን ብዙ ጊዜ ሞተሩ ጭራውን ወዝወዝ አድርጎ ይመለሳል። የፊት ጎማ ሲሄድ መመለሻ የለውም፣ መሬት ላይ ናችሁ። እኔና ጋሼ እንደሆንነው።

የጋሼ ክንድ ድኗል፣ ክረምት ሲመጣ ትንሽ ይቆረጥማቸዋል። ቆይቼ ሌላ ጥንድ ላክሁላቸው፣ ግማሽ ጥርሳም። ከመግዛቴ በፊት የጎኑን ቁጥር አነበብኩ፣ ሰባት ቀነስኩ፣ ከዚያ በነጭ ቀለም የሀበሻውን ዓመት ከጎኑ ጻፍኩበት። ጎሚስታው ሲገጥም አይቶ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ብሎ ስቋል አሉ።

ጋሼ ደውለው አመሰገኑኝ። ከዚያ "ለክረምት ትመጣለህ?" አሉኝ። "እመጣለሁ" አልኳቸው።

"እንግዲያው እኔ ነኝ የምነዳው" አሉ።